መርዶ የማያድርበት ቤት

ጠዋት ጠዋት ግምጃው እስኪጫን ድረስ ሰው ከአልጋው አይወርድም። ነውር ነው፤ አደጋም አለው። ይታይሽም እንደ ማንኛውም የኮምቦልቻ ሰው ዓይኗን ከፍታ፣ ማን እንደሆነች ሳታውቅ፣ ጣራ ጣራውን እያየች ትጠብቃለች። ከራስጌዋ ያለችው ትንሽ መብራት ቀይ ናት። አረንጓዴ ስትሆን መጀመሪያ ስሟ ይመጣል፣ ከዚያ ቤቷ፣ ከዚያ ጉልበቷን ምን እንዳመመው፣ በመጨረሻም ልጇ ብስራት። ልጇ ስትመጣላት ፈገግ ብላ ትነሳለች።

ያን ቀንም ፈገግ ብላ ተነሳችና ብርድ ልብሱን ልትገፍፍ እጇን ስትዘረጋ ጥፍሮቿ ጠቁረው አየች። የምትሠራው ማቅለሚያ ቤት ነው፤ ትላንት ደግሞ ብጫ ሲነክሩ እንደዋሉ አሳምራ ታስታውሳለች። በሳሙና ፈተገች፣ በሎሚ ፈተገች፤ አልለቅ አላት። «እርጅና ነው እንግዲህ፤ ከጥፍር ነው የሚጀምረው» አለችና ተወችው።

ድሮ እድር የሚባለው ነገር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ብቻ ነበረው አሉ። ዛሬ ከሁሉ በላይ ግምጃ አለው። ሰው ትዝታውን በገዛ ጭንቅላቱ መያዝ ከተወ ሁለት ትውልድ አልፏል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ የተማረውን ሁሉ በሰፈሩ እድር ያስቀምጣል፤ ጠዋት ይጫንለታል፣ ማታ ይወርድለታል። የቅርብ ዘመድ ግምጃም አብሮ ስለሚጫን፣ ልጅ ሩቅ አገር ሆና እናቷን በጆሮዋ ታነጋግራታለች። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቅም መልሱ ያለው እዚያው ግምጃ ውስጥ ነው።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ? ጉልበትሽስ?» አለች ብስራት፣ ይታይሽ ፊቷን እየታጠበች።

«ጉልበቴን ተይው። ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል?»

«ሙቀቱማ ያው ነው፣ እንቁላል ይጠብሳል።» ብስራት ዳሎል በረሃ ካለው የፀሐይ ኃይል ማሳ ላይ መስተዋት የምታጥብ ልጅ ናት። «ለግሸን እመጣለሁ። አንሶላ ግዢልኝ እሺ? ያ ያለፈው ቆዳ ይበላል።»

«ገዝቼ ጨርሻለሁ! ሰማያዊ ነው፣ ዳር ዳሩ ነጭ።»

«እናት ማለት እንዲህ ናት!» ብላ ሳቀች ልጅቷ፤ የይታይሽም አንጀት ቅቤ ጠጣ።

በሩ ተንኳኳና ጎረቤቷ እትዬ ዘሀራ ነጭ ነጠላ በክንዳቸው ጣል አድርገው ገቡ። እትዬ ዘሀራ ብስራትን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ለይታይሽ ከእህት ይበልጣሉ። ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«ምነው እንዲህ የሚያዩኝ?»

«ምንም። አማርሽኝ። ያንቺ ነጠላ አልደረቀም፤ ይሄን ልበሺ።»

ነጠላው አዲስ ነበር፤ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ይታይሽ አመስግና ለበሰችው።

መንገድ ላይ የታጨደ ማሽላ ሸተታት። በእሷ ቤት ወሩ ሐምሌ ነው፤ ግን ክረምትና በጋ ከተደበላለቁ ስለቆዩ ሰማይ አይቶ ወር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሷም ግድ አልሰጣት። ልብስ ሰፊው ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ። እቁብ የሚጥሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው «ደህና አደርሽ ይታዬ» አሏት በአንድ አፍ። ሰፈሩ ያከብረኛል አለች በልቧ፤ ደስ አላት።

ማቅለሚያ ቤቱ በር ላይ የማታውቀው ጎልማሳ ቆሞ ነበር። ቀጠን ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል፤ ጣቶቹ እንደሷ ጠቁረዋል።

«እትዬ ይታይሽ፣ ትላንት ያሳየሁዎትን የብጫውን ልኬት ያስታውሱታል?»

«አንተን? ዛሬ ገና ማየቴ አይደል እንዴ! ማን ልበል?»

ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ጎልማሳው ወደ እሷ ቀረብ አለ። «ዳግም እባላለሁ። ከሶዶ ነው የመጣሁት። አዲሱ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እዚሁ እናንተ ሰፈር ተከራይቻለሁ። ትላንት አሳይቼዎት ነበር... ምናልባት ቦታ ሞልቶብዎት ይሆናል። ጥሪ ያድርጉና ይዩት።»

«ጥሪ? ይቅር ይበልህ!»

ጥሪ ማለት ግምጃውን ራሱን መጠየቅ ነው፦ ምን ተጭኖብኛል፣ ስንት ይዟል፣ ስንት ቀርቶኛል ብሎ። ማንም ሰው ማድረግ ይችላል፤ የሚያደርግ ግን የለም። ይታይሽ ያደገችው ልጅና ከብት በማይቆጠርበት ቤት ነው። እናቷ ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ብላ የምታልፍ ሴት ነበረች። የተቆጠረ ነገር ዓይን ይገባበታል። የግምጃም ነገር እንዲሁ ሆኖ ቀረ፤ ያለህን ቆጥረህ አትወቅ፣ ተመስገን በልና እደር።

«እባክዎ» አለ ዳግም። ድምፁ ተቆጣጣሪ ተቆጣጣሪ አይልም፤ የሚለምን ሰው ነው የሚመስለው። «ለሥራው ነው።»

አሳዘናት። ልጅ ነው፤ አለቆቹ ይቆጡት ይሆናል። ከጆሮዋ ጀርባ አውራ ጣቷን አሳርፋ፣ በልቧ እየተማጸነች፣ «ምን ተጭኖብኛል?» አለች።

የመጣው ድምፅ የሰው ድምፅ ይመስላል፤ ትንፋሽ ግን የለውም።

«የተጫነ፦ የአቶ ሙላት ግምጃ። ቦታው ሙሉ። የታተመ።»

ሙላት ባሏ ነው፤ ብስራት ጡት ሳትተው ነው የሞተው። ሰው ሲሞት ግምጃው ይታተማል። ይነበባል፤ የነበረውን ያወራል፣ ይስቃል፤ አዲስ ነገር ግን አይጻፍበትም። ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ይታይሽ «ነፍስ ይማር» አለች እንደ ወጉ።

«የተጫነ፦ የብስራት ሙላት ግምጃ። ከቦታው ግማሹ ክፍት። ለመጻፍ የተፈቀደ፦ የለም። የታተመ።»

ክው አለች።

«የተጫነ፦ የይታይሽ...» ሲል ጣቷን ከጆሮዋ ነቀለች፤ የቀረውን አልሰማችም። ግማሹ ክፍት። ገና ልጅ ናት፤ የሚጻፍበት ግማሽ ዕድሜ አለ፤ የሚጽፍበት ግን የለም። ስህተት ይሆናል አለች። ሰው የሠራው ነገር ይሳሳታል። እዚያው በሩ ላይ ቆማ ልጇን ጠራቻት።

«ብስራት!»

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ? ጉልበትሽስ?»

«ብስራቴ፣ ጠዋት አውርተን የለ እንዴ?»

«ሙቀቱማ ያው ነው፣ እንቁላል ይጠብሳል። ለግሸን እመጣለሁ። አንሶላ ግዢልኝ እሺ? ያ ያለፈው ቆዳ ይበላል።»

«ገዛሁ አልኩሽ እኮ» አለች ይታይሽ። «ምን ዓይነት ነው ያልኩሽ? ቀለሙን ንገሪኝ። አንዴ ብቻ ቀለሙን ንገሪኝ ልጄ።»

ልጅቷ ዝም አለች። ግምጃው የሌለውን ሲጠይቁት እንዲህ ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ደህና አደርሽ?» አለች።

ይታይሽ ነጠላዋን ከመንገድ እየጎተተች ወደ ሰፈሯ ሮጠች። ዳግም ሲከተላት አላየችውም፤ በኋላም ቆም ብሎ ቀረ።

እትዬ ዘሀራ የይታይሽ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ነበር የሚጠብቋት። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ጥሪ ያደረገችው አሁን ነው፣ ሮጣ የመጣችው አሁን ነው፣ እሳቸው ግን ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። በእጃቸው የቀዘቀዘ ውሃ ይዘዋል። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ዱካ ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፤ ወለሉ ላይ፣ ሰው ቢወድቅ ልክ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ፍራሽ ተዘርግቷል።

«ልጄ ሞታለች?» አለች ይታይሽ።

«ሞታለች እህቴ።»

የተዘረጋው ፍራሽ ላይ ወደቀች። ኡኡታዋ ግን ከቤት አልፎ ሰፈር አዳረሰ። እትዬ ዘሀራ በክንዳቸው ይዘው፣ ራሷን ግድግዳ እንዳይመታ መዳፋቸውን ጣልቃ አስገብተው፣ ውሃውን በልኩ ፊቷ ላይ እየረጩ ሁሉንም ነገሯት፦ መስተዋት ስታጥብ ሙቀቱ እንደጣላት፣ አስከሬኗ እንደመጣ፣ እዚሁ እንደተቀበረች። አንድም ቃል አልተደናቀፈባቸውም። መርዶ ነጋሪ ይንተባተባል፤ የልምድ ነገር አይደለምና። እትዬ ዘሀራ ግን አልተንተባተቡም።

ይታይሽ በሲቃዋ መሃል ይሄን ልብ አለችው። ልቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ቀና አለች።

«እትዬ ዘሀራ፣ ይሄን ነገር ከዚህ በፊት ነግረውኝ ያውቃሉ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «አላህ ይይልኝ፤ መንገር ሰለቸኝ አልል፣ ልጅሽ ልጄ ናት። ግን በየቀኑ፣ ይታዬ! በየቀኑ ስቀብራት!»

ይታይሽ ጣቷን ከጆሮዋ ጀርባ አሳረፈችና ያቋረጠችውን አስጨረሰችው።

«የተጫነ፦ የይታይሽ ወልዴ ግምጃ። ክፍት ቦታ አለ። ለመጻፍ የተፈቀደ፦ የለም። የታተመ።»

በሕይወት ያለች ሴት ታትማለች። የታተመ ሰው የቀኑ ውሎ በጊዜያዊ ቋት ይውልና ማታ ግምጃው ሲወርድ አብሮ ይፈሳል። ጠዋት መብራቷ አረንጓዴ ስትሆን ሐምሌ ነው፣ ብጫ ሲነክሩ ውለዋል፣ ብስራት ለግሸን ትመጣለች።

ኡኡታውን ሰምተው ጋሽ እንድሪስ ገቡ። የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ የግምጃው ቁልፍ በእጃቸው ያለ ሰው። እትዬ ዘሀራን በወቀሳ አዩና ዱካውን ስበው ተቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «የመጀመሪያ ቀን በወጉ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ሰብስበን ነው ያረዳንሽ። እህል እምቢ አልሽ። ቦርከና ወንዝ ልትገቢ ከአፋፍ ላይ ነው የመለስንሽ። ልናጣሽ ሆነ። ታውቂያለሽ፣ ድሮም ልቡ ያልጠና ሰው መርዶ ይቆይለታል፤ አራስ ከሆነች እስክትወጣ፣ በሽተኛ ከሆነ እስኪድን። እድሩም ተመካክሮ ያንቺ መርዶ ይቆይ አለ። ልጅቷ በሞተችበት ዋዜማ ላይ አተምንሽ። እስክትጠነክሪ ነው።»

«እስክጠነክር?» አለች ይታይሽ። «ጋሽ እንድሪስ፣ ሰው የሚጠነክረው በምን ነው? ሣልስቱ ሲያልፍ፣ አርባው ሲወጣ፣ እያለቀሰ እያለቀሰ አይደለም? ዋዜማ ላይ አስራችሁኝ እንዴት አድርጌ ልጠንክር? አርባዋ መቼ ነው የሚደርሰው? እርሜን እንኳ እንዳላወጣ!»

ጋሽ እንድሪስ አልደነገጡም። «እኛ ሰፈር ውስጥ የልቅሶ ድንኳን ከተተከለ ስንት ጊዜው?» አሏት። «አይጥ በላው። አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሰው ሁሉ ሥራውን ይውላል፣ በልቶ ያድራል። ይሄ ክፉ ነገር ነው?»

ይታይሽ እቁብ የሚጥሉት ሴቶች ትዝ አሏት፤ ልብስ ሰፊውም። ማን የታተመ፣ ማን ያልታተመ?

«ክፈቱኝ» አለች።

«ብቻዬን አልወስንም። ኮሚቴው ይነጋገርበታል። ነገ ጠይቂኝ።»

ነገ! አይ የሰው ጭካኔ፤ በለሰለሰ ቃል ሲመጣ ደግሞ እንዴት ይከፋል። ነገ የምትጠይቀው ነገር እንዳለ በምን ታውቃለች?

ጋሽ እንድሪስ ለመሄድ ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ እግረ መንገዳቸውን እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ለመሆኑ ጥሪውን ማን አስደረገሽ?» አሉ።

«አዲሱ ተቆጣጣሪ። ዳግም።»

«ይታዬ፣ ተይ!» አሉ እትዬ ዘሀራ፤ አፏን ሊይዙ እጃቸውን ሰነዘሩ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

«እሱ የሶዶው ልጅ? እኛው ሰፈር ተከራይቶ የለ?» ጋሽ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን። የሰው ሸክም ተሸክሞ። እናቀልለታለን።» ብለው ወጡ።

ይታይሽ ነገሩን ልብ አላለችውም፤ ሐሳቧ ነጠላዋ ላይ ነበር። ልጅ የሞተባት ሴት ነጭ ለብሳ አትውልም። ሌላው ቢቀር ማቅለሙን ማን ይከለክላታል? ዛሬ እንኳ የብስራት እናት ጥቁር ለብሳ ትዋል።

«ጥቁር ላደርገው ነው» አለች ነጠላዋን እየገፈፈች።

እትዬ ዘሀራ ወደ ቤታቸው ሄደው ሳጥናቸውን እየጎተቱ አመጡና ፊቷ ከፈቱት። ሳጥኑ እስከ አፉ ጥቁር ነጠላ ሞልቶበታል። ሁሉም ታጥቧል፣ ሁሉም ታጥፏል። ይታይሽ አንዱን አንስታ ዳሩን አየችው። ዘርፉ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠላልፎ የተቋጠረ ቋጠሮ አለ፤ ስትነክር ጨርቋ ከሰው ጨርቅ እንዳይቀላቀል የምትቋጥረው፣ ከእሷ በቀር ማንም የማይቋጥረው። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን። ከዚያ በኋላ ማንሳቱን ተወችው።

«ማታ ማታ እወስደዋለሁ፤ ጠዋት ነጭ አመጣልሻለሁ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «መጣሉን ግን አልቻልኩም።»

ጀምበር ሳትጠልቅ ማቅለሚያ ቤት ደረሰች። ሠራተኛው ወጥቷል። ዳግም ግን ጥቁሩን በርሜል አሙቆ፣ ማማሰያውን ይዞ ቆሟል።

«አሙቀህ ጠበቅኸኝ» አለችው።

«ሁልጊዜ ይመጣሉ።» ነጠላዋን ተቀበላትና አብረው ነከሩት። ጓንት አላደረጉም፤ ቀለሙ እስከ አንጓቸው ወጣ። «የብጫው ልኬት ውሸት ነው እትዬ ይታይሽ። የመጀመሪያ ቀን እውነቴን ነበር፤ ያሳየሁዎትን ስለረሱ ቦታ ሞልቶብዎት መሰለኝ። ያን ቀን ማታ እዚሁ መጥተው አስማሉኝ። 'ነገ ስመጣ አላውቅህም። በሥራ አመካኝተህ ጥሪውን አስደርገኝ። ልጄ አፈር ለብሳ እኔ አንሶላ ገዛሁ እያልኩ አልስቅም' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያስምሉኛል።»

ይታይሽ ጨርቁን ገልብጣ ከበርሜሉ ውስጥ ደፈቀችው። «በየቀኑስ እንዲህ ነው የማለቅሰው?»

«እንዲህ ነው።» እንባ ባቀረረ ዓይኑ አያት። «እኔ እናት አለችኝ። ጠዋት ፈገግ ብለው ሲመጡ ሳይዎት ምላሴ ይታሰራል። እባክዎ አንድ ቀን ይረፉ። ነገ ልተወው?»

እውነቱን ለመናገር ይታይሽን ነገሩ አማራት። አንድ ቀን። ጉልበትሽስ የምትል ልጅ፣ ሰማያዊ አንሶላ፣ ብጫ ቀለም። ማን ይጠላዋል? ጨርቁን እንደገና ገለበጠችው።

«እዚህ ሰፈር ልጄን የሚያለቅስላት ሰው የለም» አለች በመጨረሻ። «ሟች አልቃሽ ካጣች መሞቷም አይታወቅ፣ መኖሯም አይታወቅ። እኔ ነገ ብረሳት፣ አንተ ያዝልኝ። አንተ አልታተምክም። አስደርገኝ።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት» አለ ዳግም። ጥቁሩን ነጠላ ጨምቀው በገመድ ላይ አሰጡት፤ እሷም ሳይደርቅ ለብሳው ቤቷ ገባች።

ጠዋት መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ስሟ መጣ፣ ቤቷ መጣ፣ ጉልበቷ መጣ፣ ልጇ መጣች። ይታይሽ ፈገግ ብላ ተነሳች። ጥፍሮቿን አየቻቸው፤ በሎሚ ፈተገቻቸውና ተወቻቸው። «ለግሸን እመጣለሁ» አለቻት ብስራት። እትዬ ዘሀራ አዲስ ነጭ ነጠላ ይዘው ገቡ። ዓይናቸው አባብጧል፤ ያን ቀን ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ምነው፣ አመመዎት?»

«ጉንፋን ነው» አሉና ነጠላውን አስቀምጠው ቶሎ ወጡ።

ማቅለሚያ ቤቱ በር ላይ የማታውቀው ጎልማሳ ቆሞ ነበር። ቀጠን ያለ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ ያደረ የሚመስል። የራሱን እጅ እያገላበጠ ያያል።

«ደህና አደሩ እናቴ» አላት ጎንበስ ብሎ። «ዳግም እባላለሁ። ከሶዶ ነው የመጣሁት። ዛሬ ሥራ መጀመሬ ነው።»

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። እጅህን ምን ነካህ?»

«እንጃ፤ ጠዋት ስነሳ እንዲህ ጠቁሮ አገኘሁት። ገና ቀለም እንኳ አልነካሁም።»

ይታይሽ ሳቀችና የራሷን ጥፍሮች አሳየችው። «ግድ የለህም፣ ትለምደዋለህ። የዚህ ቤት ነገር እንዲህ ነው።» አዲስ ሰው ሆድ እንዳይብሰው ማጫወት ልማዷ ነውና፣ ወደ ውስጥ እየገቡ አወራችው። «እኔም እንዳንተ ሩቅ አገር የምትሠራ ልጅ አለችኝ። ለግሸን ትመጣለች። አንሶላ ሁሉ ገዝቼ ነው የምጠብቃት። ሰማያዊ ነው።»

«እሰይ» አለ ዳግም። «በሰላም ያምጣልዎት።»

«አሜን» አለች ይታይሽ። ብጫውን በርሜል ከፈቱና ሥራ ጀመሩ።